ጌም ልንመርጥ የገባንበት ጁምዓ

ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ሊፍት እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጠራ ማን እንደደወለ እንኳ ሳላይ ልቤ ድንግጥ ይላል። ስለዚህ የማወጋችሁን ነገር እንደ ጀግና ታሪክ እንዳታነቡብኝ አደራ። በሕይወቴ ከፈራኋቸው ፍርሃቶች ሁሉ ትልቁ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። እስካሁንም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ ካለሁበት ተነስቼ እወጣለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። እናቴ አንዋር መስጊድ ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች፤ እኔም እሷን አግዛለሁ ተብሎ ይታሰባል። እውነቱን ለመናገር ሥጋዬ እዚያ ቢቀመጥም ልቤ የሚውለው ኢንተርኔት ላይ ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። አንዱ ፉአድ ነው፤ በአጎቱ በጋሽ ሙዘሚል የኮምፒውተርና የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሱቅ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ልጅ። ሁለተኛው ሲኒማ ራስ አካባቢ ያደገው ምንተስኖት ነው። እኛ ሚንቴ እንለዋለን። አፉ አያርፍም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደግሞ አስም አለበት። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ስሜ ትዕግሥት፣ ለእነሱ ቲጂ። ወጣቱ ሁሉ በየቀበሌው አንድ ለአምስት ተደራጅ በሚባልበት በዚያ ዘመን እኛ በገዛ ፈቃዳችን አንድ ለሁለት ተደራጅተን ከዘንዶ ጋር እንዋጋ ነበር።

ጌሙ ኦንላይን የሚጫወቱት ነው። አንዱ ጋሻ ይዞ ከፊት ይቆማል፣ ሌላው በአስማት ይመታል፣ ሦስተኛው የቆሰለውን ይፈውሳል፤ ተባብራችሁ ካልሆነ ዘንዶው ይበላችኋል። እኔ ሁልጊዜ ፈዋሽ ነበርኩ። ምክንያቱም ፈዋሽ ከሁሉም ኋላ ነው የሚቆመው። አያችሁ፣ በጌም እንኳ እፈራለሁ።

አንድ ቀን ስንከፍተው የጌሙ ባለቤቶች ሰርቨሩን ሊዘጉት እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ መጣ። ሚንቴ ዘመድ የሞተበት መሰለ። አዲስ ጌም መምረጥ ነበረብን፤ ለመምረጥ ደግሞ አውርዶ መሞከር ያስፈልጋል፣ ለማውረድም ኔትወርክ። የዚያን ጊዜ የመርካቶ ኢንተርኔት እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ፎቶ ለመክፈት ጠብቀን ጠብቀን ግማሹ ይመጣል፤ ከአንገት በታች ያለው ለነገ ይቀራል።

በሳምንት ውስጥ ግን አንዲት የተባረከች ሰዓት ነበረች። አርብ፣ የጁምዓ ሶላት ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ መሥመሩን ለእኛ ለቆልን ይሄዳል። ኔትወርኩ ይበራል! ይህን የደረሰበት ሚንቴ ነው፤ ትልቅ ግኝት አድርጎ ይኩራራበት ነበር።

በዚያ አርብ ጋሽ ሙዘሚል ሊዘጉ ሲነሱ ሚንቴ መንገድ ዘጋባቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰግደው እስኪመለሱ እኛ እዚሁ ብንቆይስ?»

«ምን ልትሠሩ?»

«ጌም ልንመርጥ።»

«ሰው ፊቱን ወደ አላህ ሲያዞር የኔ ሱቅ በሩን በርግዶ ይታይ? አይሆንም።»

«አይታይም። ሸተሩን ዘግተው ከውጭ ይቆልፉብን። ሌባም አይመኘው፣ ሰውም አያማዎት።»

ጋሽ ሙዘሚል ሳቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ልጅ ስለሌላቸው በእኛ ላይ መጨከን አይችሉም። «ድምፅ እንዳታሰሙ ታዲያ። ደጅ ላይ ሰው ይሰግዳል» አሉ።

«ወላሂ፣ ትንፍሽ አንልም» አለ ፉአድ፤ እሱ ጁምዓ ሲቀር አጎቱ አይተው እንዳላዩ ማለፍ ለምደው ነበር።

ሸተሩ ተንኳኩቶ ወረደ። ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማሁና ፈራሁ። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ልማዴ ነው።

ሱቁን ላሳያችሁ። ጠባብና ረጅም ነው። ከፊት የሚጠቀለለው የብረት ሸተር፣ ከኋላ ግድግዳው አናት ላይ ብረት የተበየደበት ትንሽ መስኮት፤ ሌላ መውጫ የለውም። ሸተሩ ከወለሉ ጋር በደንብ ስለማይገጥም ከስሩ ጣት የምታሳልፍ ክፍተት አለች። መስጊዱ ከሱቁ ጀርባ ነው። ስለዚህ መንገዱ ላይ የሚሰግዱት ሰዎች ፊታቸውን ወደ እኛ ያዞራሉ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ምንጣፍም እስከ ሸተሩ እግር ድረስ ይነጠፋል። ከሸተሩ በላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል።

ኔትወርኩ በረረ። ኹጥባው፣ ማለትም ከሶላቱ በፊት የሚሰጠው ስብከት፣ ከላያችን ሲጀመር እኛ ክርክር ውስጥ ነበርን። ሚንቴ የፈለገው ከተማው ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ፣ ፈረሶቹ ክንፍ ያላቸው ጌም ነው። ፉአድ የፈለገው ደግሞ ሰዎቹ ከካርቶን የተቆረጡ የሚመስሉ፣ ግን ቀላል የሆነ ጌም ነው።

«በዚህኛው ፈረስህ ከመነሳቱ በፊት መብራት ይሄዳል» አለ ፉአድ በሹክሹክታ።

«ከካርቶን ጋር ከምኖር ብሞት ይሻለኛል! ቲጂ፣ አንቺ ፍረጂ።»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩ።

«ኤጭ! ይቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ የራሷን ብትናገር!»

ይህን እያለን መብራት ድርግም አለ። ወዲያው ተመልሶ መጣ፤ አመጣጡ ግን ጤነኛ አልነበረም። አምፖሉ ዓይን እስኪያጠፋ ቦግ አለ፤ ከኋላ መደርደሪያው ስር የተቀመጠው ስታቢላይዘር ቀፎ እንደተነካበት ንብ ጮኸ፣ ከዚያም ጠሽ ብሎ ዝም አለ። ፉአድ ሮጦ ቆጣሪውን አጠፋ። ጨለማ ሆነ። በጨለማው ውስጥ ግን ከመደርደሪያው ስር አንድ ቀይ ነገር ይርገበገባል።

ስታቢላይዘሩን የከበቡት የሞባይል ሽፋን የታጨቀባቸው ካርቶኖች ነበሩ። ከእነሱ በላይ ባትሪ የሞላበት መደርደሪያ አለ። ፉአድ ጃኬቱን አውልቆ እሳቱን መምታት ጀመረ። የነበረን ውኃ በአንድ ኮዳ ግማሽ ነው፤ ጃኬቱን አራስነው። ነበልባሉ እንደመሞት ይልና ወዲያ ጥግ ይነሳል። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ጥቁርና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነው፤ ጉሮሮን ይይዛል። አብዛኛው በኋላው መስኮት ሽቅብ ይወጣል። ውጭ ያለ ሰው ቢሸተው እንኳ አይደነግጥም፤ ከምን አለሽ ተራ በኩል ሁልጊዜ የሆነ ነገር ስለሚቃጠል ጭስ ለመርካቶ ሰው ዜና አይደለም።

ሚንቴ ማሳል ጀመረ። ወደ አፉ የሚረጫትን መድኃኒት አውጥቶ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ደረቱ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

የጋሽ ሙዘሚል ስልክ ዝግ ነው፤ ለሶላት አጥፍተውታል። የእናቴ ይጠራል፣ አይነሳም፤ በሶላት ሰዓት ድምፁን ታጠፋዋለች። እሳት አደጋ ደወልን፤ እንመጣለን አሉን። ግን ከዳር እስከ ዳር ሰው በተቀመጠበት መንገድ በየት በኩል?

«እንጩህ!» አልኩ።

ፉአድ ጃኬቱን እንደያዘ ዞረ። «እንዳትጮሂ! ቲጂ፣ በናትሽ እንዳትጮሂ።»

ለምን እንዳለ ወዲያው ገባኝ። በዚያ ሰሞን ከሶላት በኋላ ተቃውሞ ይነሳ ስለነበር አርብ አስፈሪ ቀን ሆኖ ነበር። ፖሊሶች ዱላ ይዘው በየመታጠፊያው ይቆማሉ፣ ሰዉም ጆሮውን አቁሞ ነው የሚሰግደው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአንድ አይሱዙ ጎማ ሲፈነዳ ሕዝቡ ተኩስ መስሎት ተነስቶ ሮጠ፤ ስንቱ ተረጋገጠ። እዚያው ቅመም ስትሸጥ የነበረችው የፉአድ እናት ተገፍታ ክንዷ ተሰብሮ፣ ያን ቀን ገና ጀሶው አልወለቀላትም ነበር። «እሳት!» ብሎ መጮህ ማለት ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ማስነሳት ነው። ከውጭ ሽማግሌ አለ፣ አካል ጉዳተኛ አለ። ከውስጥ ደግሞ ሚንቴ አለ።

ያደረግነውን ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? አንኳኳን። በጣታችን! የሰው ቤት ሄዶ እንደሚያፍር እንግዳ፣ ኳ ኳ ኳ። እኔ በክፍተቷ አፌን አድርጌ «ይቅርታ... ይቅርታ፣ እዚህ ሰው አለ» እላለሁ፤ ድምፅ ማጉያው ከላይ ይውጠዋል። ደግመን አንኳኳን። ከሸተሩ ወዲያ ጉልበቶች ይታዩኛል። አንዳቸውም አልተነቃነቁም።

«ለምንድን ነው የማይመልሱት?» አልኩ እንባዬ እየወረደ።

«ኹጥባ ላይ መናገር አይቻልም» አለ ፉአድ ከኋላ። «የሚያወራን ሰው ዝም በል ማለት እንኳ አይፈቀድም።»

ሚንቴን ክንዱን ይዤ ወደ ሸተሩ ጎተትኩትና በሆዱ አስተኛሁት፤ አፉን ክፍተቷ ላይ እንዲያደርግ። እኔም አጠገቡ ተዘረጋሁ። ከላያችን ያለው አየር የሚሳብ አልነበረም። ሚንቴ፣ ያ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ አንዲት ቃል አይናገርም። ዓይኑ ብቻ ያየኛል። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን እዚህ መጻፍ አልችልም።

ኹጥባው አለቀ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ምድሩ ተነቃነቀ። ጉልበቶቹ እግሮች ሆኑ፤ ካልሲ፣ ባዶ እግር፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ። «አላሁ አክበር» ተባለና ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ጸጥታ ወረደ። የኢማሙ ቁርኣን ብቻ ይሰማል።

«ቲጂ» አለ ፉአድ። ድምፁ ሊጠፋ ደርሷል። «አሁን ሱጁድ ይወርዳሉ። ግንባራቸው መሬት ይነካል፤ ፊታቸው ያንቺ ፊት ጋ ይመጣል። ያኔ ለአንዱ ንገሪው። ቀስ ብለሽ።»

«አንተ ና ንገራቸው! እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሴት ነኝ...»

«ይሄን ከለቀቅኩት ባትሪዎቹ ጋ ይደርሳል! ለነፍስ ሲሆን ሶላት ይቋረጣል። ይፈቀዳል፣ ወላሂ ይፈቀዳል።»

ይፈቀዳል! ለእሱ ቀላል ነው። እኔ ግን እዚያ ሰፈር ያደግሁት እናቴ «ሰው ሲሰግድ ከፊቱ እንዳታልፊ፣ ድምፅሽን እንዳታሰሚ» እያለችኝ ነው። አርብ አርብ እሷ ራሷ የሱቋን ግማሽ በር መልሳ፣ ሶላቱ እስኪያልቅ ጨርቅ እንኳ አትቀድም ነበር።

ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ወረዱ። ከክፍተቷ ወዲያ፣ ከፊቴ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ የአንድ ሽማግሌ ግንባር ምንጣፉ ላይ አረፈ። ነጭ ጢም፣ የተጨማደደ ጉንጭ፣ የተከደነ ዓይን። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከአምላካቸው ጋር እያወሩ ነው። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ከጉሮሮዬ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። «አላሁ አክበር» ተባለ፣ ፊቱም ተነሳ።

አመለጠኝ።

የሚንቴ እጅ እጄን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ላላ። ዞሬ ሳየው ዓይኑ ግማሽ ድረስ ተከድኗል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ ያን እጅ የፈራሁትን ያህል ግን ምንም ፈርቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ለሁለተኛው ሱጁድ ወረዱ። ግንባራቸው ገና ምንጣፉን ሲነካ፣

«አባባ» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ። ከሸተሩ ውስጥ ነን። እሳት ነው። ጓደኛዬ እየሞተ ነው። አይጩሁ፣ ሰው ይረጋገጣል።»

ዓይናቸው ተገለጠ። ቡናማ፣ ዳርዳሩ የገረጣ ዓይን፣ ቀጥ ብሎ ዓይኔን አየ። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «አላሁ አክበር» ሲባል ከሰዉ ሁሉ ጋር ተነስተው ቆሙ፣ እኔም እግራቸውን ብቻ እያየሁ ቀረሁ። አልሰሙኝም፣ ወይም ሰምተው ሶላታቸውን መረጡ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አንደኛው እግር ወደ ጎን ሄደ።

የሆነውን በእግር ነው ያየሁት። የሽማግሌው እግር ወደ ቀኝ ሁለት ሰው አለፈና ቆመ። ሰፊ፣ የተሰነጣጠቀ የወዛደር እግር ከረድፉ ወጣ። ሌላም ተከተለው። ማንም አልሮጠም። ማንም አልጮኸም። ከኋላቸው ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ቁርኣን ያዳምጣል። ጥቂት ቆይቶ ከጋሪ የመጣ የብረት ዘንግ በሸተሩ ጎን ሲገባ ሰማሁ። ቁልፉ የታሰረበት ብረት ተፈለቀቀና ጧ አለ። አሁን ይሮጣሉ አልኩ። የኢማሙ ድምፅ ግን አልተናወጠም፣ ሰዉም አልተነቃነቀም። ሸተሩን እንዳይንኳኳ እየደገፉ፣ ቀስ እያሉ ከፍ አደረጉት።

አንድ ወዛደር ሚንቴን በብብቱ ይዞ ጎትቶ አወጣው። እኔ በደረቴ እየተሳብኩ ወጣሁ። ፉአድ በመጨረሻ መጣ፤ እጁ ተልጧል፣ ቅንድቡ የለም። ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ የተቀመጡትን ጄሪካኖች እያነሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ወደ ውስጥ ገቡና እሳቱ ላይ ደፉ። ሚንቴን መንገዱ ላይ በጎኑ አስተኙት። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ከራሱ ስር አደረጉለት።

ልክ በዚያ ሰዓት ኢማሙ «አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ» አለ። ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ቀጥሎም ወደ ግራ። ሶላት አለቀ፣ ቀና ብለውም እኛን አዩን፤ ጥላሸት የለበሱ ሁለት ወጣቶች፣ መሬት ላይ ደግሞ ሦስተኛው። «ሱብሓነላህ» ሲባባሉ ሰማሁ። ረድፉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠ። ወዛደሮቹ ሚንቴን ተሸክመው ወደ ዋናው መንገድ ሲሮጡ እኔም ጫማዬን ትቼ ተከተልኳቸው።

ሚንቴ ተርፏል። ልባችሁ አይሰቀል። ሐኪሙ ግን «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ጋሽ ሙዘሚል ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው «እኔ ነኝ የቆለፍኩት፣ በገዛ እጄ» እያሉ ሲያለቅሱ ነው የዋሉት። ከዚያ ወዲህ የሱቃቸው ሁለተኛ ቁልፍ ጎረቤት ጋ ነው የሚቀመጠው።

በማግሥቱ ሚንቴን ልንጠይቅ ሄድን። ፊቱ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ። እኔን ሲያይ ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ፣ «አልፈረድሽም እኮ። የቱ ይሁን?» አለ።

«የፉአድ» አልኩ። «ያንተን ጌም አልወደድኩትም። ፈረስ ክንፍ ምን ያደርግለታል?»

ፉአድ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ዞሮ አየኝ። ሚንቴ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ሁለቱም ከኔ እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም ነበር።

ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። አሁንም ሊፍት አልገባም፤ የትም ስገባ በመጀመሪያ የማየው ሌላ መውጫ አለ ወይ የሚለውን ነው። ድሮ ግን መናገር የምችለው ፍርሃቴ ሲለቀኝ ይመስለኝ ነበር። እሱን እየጠበቅሁ ስንቱን ነገር ዋጥኩት። በዚያ ቀን እየተንቀጠቀጥኩ ተናገርኩ፤ ፍርሃቱ አንድ ነጥብ እንኳ አልቀነሰም ነበር። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ እንደኔ ከሆናችሁ፣ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ከሳምንታት በኋላ ነው። አባባ ሸምሱ ይባላሉ። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ያረጀ በርሜል ጠፍጥፈው ምድጃ ይሠራሉ። ከፉአድ ጋር ጋቢያቸውን አሳጥበን ይዘን ሄድን። መዶሻቸውን አስቀምጠው ተነሱ፣ ወዲያው አወቁኝ።

«አባባ፣ ጁምዓዎን አበላሸሁብዎት» አልኳቸው። ቀን ከሌት ሲከነክነኝ የነበረው እሱ ነው።

«በጁምዓው ፈንታ ቤቴ ገብቼ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰገድኩ። እሱ አያሳስብሽ» አሉ። «እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ኹጥባው ላይ የሆነ ሰው በጣቱ ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ።»

«ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ከጎኔ ያለውም ሰምቷል፤ ተያየን። ኹጥባ ነው ብለን ዝም አልን። እናንተስ ምነው እንዲያ ቀስ አላችሁ? ምነው ጠንከር አድርጋችሁ ባንኳኳችሁ ልጄ?»

«እንዳንረብሻችሁ ነዋ፣ አባባ።»

አባባ ሸምሱ ጋቢውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ አዩኝ። ሊስቁ ጀምረው ነበር፤ መሃል ላይ ፊታቸው ተቀየረ።

«አይ ልጄ!» አሉ። «ተከባብረን ልንገድለው ነበር እኮ!»